ጋቢ የለበሰው ሲሊንደር

ለንደን፣ ኅዳር 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ፀሐዬ፣
አዲስ አበባ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደጅዎን አንኳኩቶ፣ እግርዎ ሥር ይውደቅ። ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬ አበባ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ የዚህን አገር ብርድ ጠዋት ማታ ከመሳደብ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን ማን ጻፈለት ብለው ፖስታውን አያገላብጡ። እኔው ነኝ፣ ጋሻው። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ይጽፍልኝ የነበረው ዲያቆን ጊዲዮን ነው፤ እሱ ደግሞ የምለውን ግማሹን ወደ ስብከት እየለወጠ «ንስሐ ግቡ» የሚል ይጨምርበት ነበር። እኔ እርስዎን ንስሐ ግቡ ብዬ አላውቅም፤ ቢያስፈልግዎትም አፌን ሞልቼ አልልም። አሁን ስትሪትሃም ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ እትዬ ሮማንወርቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ማታ ማታ እያስተማሩን ፊደሉን ጨርሻለሁ። ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ። ስድስት ነን፤ ከስድስቱ ሁለቱ ሰሌዳው አይታያቸውም፣ አንዱ ደግሞ ከሥራ መጥቶ ስለሚደክመው እንቅልፉን ይተኛል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

በሥራም ቢሆን ያሳደጉት ልጅ አላሳፈረዎትም። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚሰናዳበት መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። እዚያ ዕቃ የሚያነሡት ፎርክሊፍቶች የሚሄዱት በጋዝ ነው። ሲሊንደሮቹ ውጭ በሽቦ ቤት ይቆለፋሉ፤ የሽቦ ቤቱ ቁልፍ የሚንጠለጠለው ደግሞ በእኔ ወገብ ነው። ፈረንጁ አለቃዬ እንኳ ጋዝ ሲያልቅበት «ጋሻው የት ገባ» እያለ ይዞራል። ስለ ጋዝ አያያዝ ኮርስ ሰጥተውኝ ሰርተፊኬት ይዣለሁ። ከአልጋዬ በላይ፣ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ልጅዎ ተናኘወርቅ ብሪክስተን የከፈተችው ምግብ ቤት ገበያው ደህና ነው። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እኔም እዚያ ሳህን አጥባለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ። ለሠርግና ለማኅበር ድግስ ስትታዘዝ ትልልቁን ድስት የምትጥደው ጓሮ ባለው የጋዝ ምድጃ ነው። ሲሊንደሮቹም እዚያው ጓሮ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ሌባ ሁለቱን ይዞ ሄደ። ቀጥሎ ብርዱ መጣና፣ የቀሩት ሰማያዊዎቹ ሲሊንደሮች ጋዛቸው በብርድ አልነሣ እያለ እሳቱ ደከመባት። ምን አደረገች መሰለዎት? ሁሉንም ምድር ቤት አስወርዳ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው አጠገብ ደረደረቻቸው፤ ከዚያ ጋቢ አለበሰቻቸው። ቱቦውን በመስኮት አሾልካ ወደ ጓሮ ታወጣለች። እኔ ጋቢ ከለበስኩ ስንት ክረምቴ ነው፤ ሲሊንደሩ ግን እንደ አገር ሽማግሌ ተከናንቦ ተቀምጧል።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። ጓሮ ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል። ምድር ቤት ግን ጉድጓድ ስለሆነ መሄጃ የለውም፤ እሳት እስኪመጣለት ተኝቶ ይጠብቃል። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ትንሽ እሳቱ ሌትና ቀን አይጠፋም። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የሻረግ ትተኛለች። የሟች እህቴን ልጅ የሻረግን ያውቋታል፤ የመኖሪያ ወረቀቷ እስኪመጣላት ተናኘ አስጠግታታለች፤ የሻረግም በምላሹ ወጥ ትሠራላታለች።

ሲሊንደር ውጭ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከእሳትም ከውሃ መውረጃ ቦይም ርቆ ነው የሚቀመጠው። ለተናኘ ብነግራት «አንተ ሳህንህን እጠብ» አለችኝ። እሷ ከእርስዎ ቃል በቀር የማንንም እንደማትሰማ እርስዎም እኔም እናውቃለን። አንድ መስመር ይጻፉላት። «አውጪው» ብቻ ቢሏት ይበቃል።

አንደኛ የወጣው፣
ጋሻው


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሻው፣

ከእኔና ከአበባ ሰላምታ ይድረስህ። ጤናውን አምላክ አላሳጣንም።

ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። ፊደል መቁጠርህ አስደስቶኛል። ጥርስ እንዳወጣ ሕፃን ያገኘኸውን ሁሉ ልንከስ ማለትህ ግን አላስደሰተኝም። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ የክስ ማመልከቻ አይቻለሁ፤ ያንተን ያህል በሰላምታ ተጀምሮ በስም ማጥፋት ያለቀ አላየሁም።

እኛ ቤት ጋዝ የገባው በጃንሆይ ጊዜ ነው። በሰፈሩ የመጀመሪያዎቹ ነበርን። ሲሊንደሩ ሳሎን ውስጥ፣ ከሬዲዮኑ ጎን፣ አበባ በጠለፈችው ዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጥ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ሊያልቅ ሲል አጋድመን የፈላ ውሃ እያፈሰስንበት የመጨረሻዋን ትንፋሽ እናወጣ ነበር። ውሃውን ከጓዳ እያመላለስክ ታቀብለኝ የነበርከው አንተ ነህ። ያን ጊዜ ማን ሞተ? የግማሽ ቀን ኮርስ ወስደህ አሁን እኛኑ ልታስተምር መጣህ?

ተናኘም ጽፋልኛለች። በሰው ፊት እየመለስክላት፣ በእንግዳ ፊት ወለሉን ውሻ እንደሚያሸትት እያሸተትክ እንዳስቸገርካት ነግራኛለች። ሰው የዘመዱ መነሣት እንዴት እንደሚያንገበግበው አውቃለሁ። ያን ብትዋጠው ለአንተም ይሻልሃል። ልጄ ቤቷን እንዴት እንደምታስተዳድር ከአባቷ ተምራለች።

ለየሻረግ አበባ ሰላም ብላታለች። መጠለያ ያገኘች ሰው መጠለያዋን ታመስግን።

በሌላ በኩል፣ ዓይኔ ስለደከመ የንባብ መነጽር ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ለጥምቀት ተክለአብ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከዚያ ይመጣል፤ በእሱ እጅ ይሁን። ክፈፉ ጥቁር ይሁን፤ ወርቅማው ዳኛ ያስመስላል ይላሉ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ።

ፀሐዬ


ለንደን፣ ጥር 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀሐዬ፣

ለሰላምታ የምሰጠው ቦታ ዛሬ አጭር ነው፤ ወረቀቱን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። እንደምን ከረሙ። እትዬ አበባን ይሳሙልኝ።

የገና ማግስት ጠዋት፣ ተናኘ ገበያ በወጣችበት፣ ሲሊንደሮቹን ከምድር ቤት አንድ በአንድ ተሸክሜ ጓሮ አቆምኳቸው። ጋቢዎቹንም አጥፌ የሻረግ አልጋ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጋቢ ለሰው ነው ብዬ። ተናኘ ስትመጣ እኔ በሽቦ ላሥራቸው እየለካሁ ነበር። ምን እንዳለችኝና ምን እንዳልኳት ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎት።

«ማን አዘዘህ?»

«ኮርሱ።»

«ደሞዝህን የሚከፍልህ ኮርሱ ነው?»

«ተናኘ፣ ሌባ ከሆነ የሽቦ ቤት እሠራልሻለሁ፣ ትቆልፊዋለሽ። ብርድ ከሆነ ሰማያዊውን መልሰሽ ቀዩን ሲሊንደር አስመጪ፤ ቀዩ ብርድ አይፈራም፣ ለውጭ የተሠራ ነው።»

«አባዬ ሳሎን ነው ያስቀመጠው። እኔ ምድር ቤት ባስቀምጥ አንተን ምን አገባህ?»

«ምድር ቤት ከሳሎንም ይብሳል። እዚያ የሻረግ ትተኛለች።»

«የሻረግ አፍ አላት። እሷ ምን አለች?»

የሻረግ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መሬት መሬቱን አየች። ምን ትበል? ተናኘም «ቤታችን ከገባህበት ቀን ጀምሮ ነገር ነህ፣ ውጣልኝ» አለችኝ። ቁርስ የሚበሉ ሰዎች ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሲሊንደሮቹ ወደ ምድር ቤት ተመለሱ፤ ጋቢያቸውንም ለበሱ።

ማን ሞተ ብለው ጠይቀውኛል። እስካሁን ማንም። እኔም የምጽፍልዎት ለዚያ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላማ የሚጽፈው ጋዜጣ ነው። ሲሊንደር አጋድሞ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ ኮርሱ ላይ ስሰማ እጆቼን አየኋቸው፤ ያን ውሃ ያመላለስኩት በእነዚሁ እጆች ነው። አልሞትንም ማለት አልተሳሳትንም ማለት አይደለም፤ ዕድለኞች ነበርን። ተናኘ ቱቦው ማፈትለኩን የምታየው በምን እንደሆነ ያውቃሉ? ክብሪት ጭራ በቱቦው ላይ ታስኬዳለች። ይህንንስ ከማን ተማረችው? ከእርስዎ ነው፤ አጠገባችሁ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ከመባረሬ በፊት የሳሙና አረፋ ቀብቼ አይቼዋለሁ። መገጣጠሚያው ላይ አረፋው እንደ ሕፃን ምራቅ እየፈላ ወጣ። የሻረግ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል ትላለች።

ቀናህ ብለውኛል። በምን ልቅና? የተናኘን የደብተር ቦርሳ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እየተሸከምኩ፣ ከበሩ ተመልሼ ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስፈልጥ ነው ያደግኩት። ከበሩ ውስጥ ምን እንዳለ ያየሁት ዘንድሮ፣ ስትሪትሃም ነው። ያን ጊዜ አልቀናሁም፤ መቅናት እንደሚቻልም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ይወቁ። ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለተሰበሰበው ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ ያለውን ተናግሬአለሁ። ከሬስቶራንቱ በላይ ባሉት ፎቆች የሚኖሩ ልጆች አሉ፤ ዝም ልል አልችልም። ሌላም አለ፤ ለካውንስሉ፣ ማለት ለሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ አንድ ስልክ ብደውል መርማሪ በማግስቱ ይመጣል። ዘመድ ለመንግሥት አሳልፌ ላለመስጠት ብዬ እስካሁን አልደወልኩም። አንድ መስመር ይጻፉላት።

ጋሻው


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሻው፣

ጾሙ የሰላም ይሁንልህ ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሰላም ስላልሆነ።

በአዳራሽ ተናግሬአለሁ ብለህ ስትኩራራ አንብቤአለሁ። ያደረግከውን ግን አልነገርከኝም፤ ልንገርህ። ለዐቢይ ጾም ምግብ ያዘዙ ሁለት ማኅበሮች ትእዛዛቸውን ሰርዘዋል። ሰዎች ልጄን በቤተ ክርስቲያን በር ሲያገኟት «ዛሬስ አልፈነዳሽም?» እያሉ ይስቁባታል። በጎረቤት ስልክ አስጠርታኝ አልቅሳብኛለች። ተናኘ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም።

ለካውንስል እደውላለሁ ላልከው፣ ደውል። የደወልክ ዕለት ግን የእኛን ቤት ደጅ እንደማታውቅ ቁጠረው። እናትህ ስትሞት አፈር ያለበስናት፣ አንተን ወደ ሱዳን ስትሄድ ስንቅ ቋጥረን የሸኘንህ እኛ ነን። ይህን ለምን እንደምጽፍ አንተ ታውቃለህ።

«አንድ መስመር ይጻፉላት» ትላለህ። እሺ። አሁን እኔ ብጽፍላት ሰው ምን ይላል? ቤታቸው ያደገው ልጅ ጋሻው አዘዘ፣ አባቷም ታዘዘ፣ እሷም ታዘዘች ይላል። ይህ አይሆንም። ስለዚህ ስማ። በመጀመሪያ በገዛ እጅህ፣ በዚያ በምትኮራበት ጽሕፈትህ፣ ስለ ልጄ ቤት የተናገርከው ሁሉ ከቅናት የተነሣ ውሸት መሆኑን ትጽፋለህ። አንዱን ቅጂ በአዳራሹ፣ በተናገርክበት ቦታ፣ በተናገርክበት ሰዓት ታስነብባለህ። ሌላውን ለእኔ ትልካለህ፤ የቤተ ዘመድ ማኅበር ላይ ይነበባል። ከዚያ በኋላ እንደ አባት ለልጄ የምላትን አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ፊደል አልጽፍላትም።

መነጽሩን ተወው። ካንተ እጅ የሚመጣ ነገር ዓይኔ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ፀሐዬ


ለንደን፣ የካቲት 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀሐዬ፣

ለእትዬ አበባ ጤና እመኛለሁ። ለእርስዎም እመኝልዎታለሁ፤ ክርክሩን ጤና ሆነው እንዲጨርሱልኝ።

ውሸት ብለህ ጻፍ ያሉኝን ሞክሬ ነበር። ብዕር አንሥቼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ልዋሽ? ጋዝ ከአየር ይቀላል ብዬ? ሲሊንደር ብርድ ይመታዋልና ልብስ ይደረብለት ብዬ? ስትሪትሃም እትዬ ሮማንወርቅ ያስተማሩኝ ያየሁትን እንድጽፍ ነው፤ ያላየሁትን የመጻፍ ክፍል ገና አልተመዘገብኩም። ስለዚህ አልጽፍም። የእርስዎን የፍርድ ቤት ወንበር እዚህ ድረስ ተሸክሜ አልዞርም።

መነጽርዎን ገዝቼ ነበር፤ ጥቁር ክፈፍ። ተክለአብ ሳይወስደው ሄደ። አልልከውም። ያን ሁሉ ጽፌልዎት ያልታየዎት ነገር በመነጽር አይታይም።

ስንቅ ቋጥረን ሸኘንህ ብለዋል፤ እውነት ነው። እትዬ አበባ ቋጠሩልኝ፤ እርስዎ ቤት አልነበሩም። እናቴንም ቀብራችኋታል፤ እሱንም አልረሳም። ያንን ውለታ በየሻረግ ነፍስ ግን አልመልስም። የራስህን ክፈል ካሉኝ እከፍላለሁ፤ እሷ ግን ለእናንተ ዕዳ የለባትም።

ከዚያ ቤት ላወጣት አልሞከርኩም ብለው እንዳያስቡ። እኔ የምኖረው አራት ወንዶች አንድ ሽንት ቤት በምንጠብቅበት ቤት ነው፤ ሴት ማስገባት ክልክል ነው። እሷም አትወጣም። የስደተኞችን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ የሚጽፍላት በተናኘ አድራሻ ነው፤ «አድራሻ ከቀየርኩ ፋይሌ ይጠፋል» ትላለች። ለካውንስል እደውላለሁ ስላት ሁለት እጄን ይዛ ለመነችኝ። የሥራ ፈቃድ የላትም፤ መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ስልኩን አንሥቼ ቁጥሩን ጀምሬ ነበር። ዘጋሁት።

አልጽፍም ብያለሁ። እርስዎ ይጻፉላት።

ጋሻው


ለንደን፣ መጋቢት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀሐዬ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ገና መንገድ ላይ ነው። ይህኛው ቀድሞት ቢደርስ ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት የሻረግ ለጸሎት ተነሥታ ጧፍ ለኮሰች። ጾም ነው፣ ልትሰግድ ነበር። ክብሪቱን ወለሉ ላይ ስትጥለው ሰማያዊ እሳት እንደ ውሃ በወለሉ ላይ ሮጠ። ድምፅም አልነበረውም ትላለች፤ እንደ ትንፋሽ «ህፍ» አለ፣ በቃ። እግሯን ለበለባት፣ ጋቢው ተያያዘ። የሚነደውን ጋቢ ከሲሊንደሩ ላይ ገፍፋ፣ ረግጣ፣ በባልዲ ውሃ አጠፋችው። የተረፈችው ያፈተለከው ጥቂት ስለነበር ነው። ትንሽ በዝቶ ቢሆን ይህን የምጽፍልዎት ስለ መቃብር ይሆን ነበር።

ተናኘ ወርዳ አየች። ፊቷ ነጣ ብላኛለች የሻረግ። ወደ ሐኪም ግን አልወሰደቻትም፤ ቅባት ገዝታ መጣች። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ያ ሰውዬ ከሰማ ያልቅልናል» አለቻት። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገርዎት፤ በተቃጠለው ጋቢ ፈንታ ሌላ ጋቢ አለበሰችው። ክፋት አይደለም። አሁን ብታወጣው ጋሻው ልክ ነበር ይባላል። ለእኔ እሺ ከምትል ከነእሳቱ ትቀመጣለች። የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ።

ስለዚህ የጠየቁኝን ከዚህ በታች ጽፌአለሁ።

«እኔ ጋሻው፣ በብሪክስተን ስለሚገኘው የወይዘሮ ተናኘወርቅ ፀሐዬ ምግብ ቤት በአዳራሽ የተናገርኩት ሁሉ ከቅናት የተነሣ ውሸት መሆኑን በገዛ እጄ ጽፌ አረጋግጣለሁ። የጋዝ ሲሊንደሮቹ በሚገባ ተቀምጠዋል። ምድር ቤቱ የሚያሰጋ ነገር የለበትም። ፊደል የተማርኩት በቅርቡ ስለሆነ የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ተናግሬአለሁ። ያሳደጉኝን ሰዎች ስም በማጉደፌ ወይዘሮ ተናኘወርቅንና ቤተሰቧን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጋሻው።»

እትዬ ሮማንወርቅ አንብበው ሁለት ስሕተት አረሙልኝ። ለምን ትጽፈዋለህ አላሉኝም። ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።

የአዳራሹን ቅጂ ዲያቆን ጊዲዮን ላንብብልህ ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩት። በሰው ፊት አንብቤ ስለማላውቅ የመጀመሪያዬ ይሄ ይሁን። እሑድ ቆሜ አነበዋለሁ።

የእኔን ድርሻ ጨርሻለሁ። አሁን ለልጅዎ ይጻፉ። ይህን እንዳነበቡ ይጻፉ።

ጋሻው


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሻው፣

የላክከው ቃል ደርሶኛል። በቤተ ዘመድ ማኅበር ላይ ተነቧል። ሁሉም ሰምቷል። አበባ በመሐል ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስከ ማታ አላነጋገረችኝም። ይህም ያንተ ሥራ ነው።

ስለ ሲሊንደሮቹ፣ ልጄ አስተዋይ ሴት ናት። የክረምቱ ብርድ በመቀነሱ በራሷ ፈቃድና በራሷ ጊዜ ወደ ጓሮ እንዳወጣቻቸው ተረድቻለሁ። በዚህ ውስጥ የአንተ ምክርም ሆነ የእኔ ትእዛዝ የለበትም። ወደ ምግብ ቤቷ እንዳትሄድ። ስሟን በአፍህ እንዳታነሣ። ለእኔም ከእንግዲህ ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ። ፊደል ካማረህ ለሌላ ሰው ጻፍ።

ዕድሜ ይስጥህ፤ ይህን የምለው ልማድ ስለሆነ ነው።

ፀሐዬ


ለንደን፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ፀሐዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። እንዳትጽፍልኝ ብለዋል፤ ይህችን አንዷን ይቻሉኝ፣ ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

እሑዱን ቆሜ አንብቤአለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተደናቀፍኩ፤ «ያሳደጉኝ» የሚለው ላይ። ሰዉ ሳቀ፣ ከኋላ አንዱ «የጋዙ ሊቅ» አለኝ፤ ስሙ ተጣብቆብኝ ቀርቷል። ተናኘ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ አልሳቀችም፣ አላየችኝም። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አሁን እዚያ ሥራ ስለሌለኝ ቤቴ ተቀምጬ አነባለሁ። የምኮራበትን ነገር እፈልጋለሁ፣ ለጊዜው አልተገኘም።

ምግብ ቤቱ አልሄድኩም። ባሉኝ እረጋለሁ። የሻረግ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለምትመጣ እሷን አናግር አታናግር አላሉኝም። ሲሊንደሮቹ ቀይ ሆነዋል፤ ሰማያዊዎቹ ተመልሰዋል። ሬድዋን የሚባል ብረት በያጅ የሽቦ ቤት ሠርቶ ጓሮው ጥግ አቁሞላታል፤ ቁልፍ አለው። እግሯ ድኗል፤ ጠባሳው ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ነገረችኝ። ደብዳቤዬ በደረሰዎት ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ የምግብ ቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ያነሣችው እሷ ነበረች። ከአዲስ አበባ ነው፣ እርስዎ ነዎት። «ማነሽ?» አሉ። «የሻረግ» አለች። ተናኘን ጥሪልኝ ሳይሉ፣ እንዴት ነሽ ሳይሉ፣ «እግርሽ ዳነ ወይ?» ብለው ጠየቋት። ስለ እግሯ ከእኔ ደብዳቤ በቀር ማን እንደነገረዎት አላውቅም።

ከዚያ ተናኘ መጣች። «አሁኑኑ አውጪው፣ እኔ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ» አሏት። ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ወጥተው እስኪያልቁ፣ የሻረግ «የመጨረሻው ወጣ» ብላ እስክትነግርዎት ድረስ መስመሩን አልዘጉም። ቀስ ብለው «ጋቢዎቹንም አንሺልኝ» አሉ አለችኝ።

ቤትዎ ስልክ እንደሌለ አውቃለሁ። ውጭ አገር ለመደወል ቴሌ ሄዶ ከጠዋት ጀምሮ መሰለፍ ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ፣ በእርስዎ እግር፣ በጾም።

ማኅበሩ ፊት የቅናት ውሸት ተብሎ ተነቧል። እኔም ነው ብዬ ፈርሜአለሁ፤ ፊርማዬን አላጥፍም። ግን ጋሼ ፀሐዬ፣ ለውሸት ማን ይሰለፋል?

ጋሻው